ጭልፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ሲገኝ

ጭልፊት ወይም ጭላት መሬት ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ቶሎ «ተጎድቷል» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ደህና ነው። ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ካጎነበሰ ሥሩ የገደለው ነገር አለ፤ ሌላ እንዳይነጥቀው እየሸፈነው ነው። ፀሐይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ዝም ያለው እየሞቀ ወይም ላባውን እያደረቀ ይሆናል። በደንብ የበላም አንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት አብጦ ለመነሣት ይሰንፋል። ስለዚህ ከመቅረብ በፊት ራቅ ብሎ ጥቂት ደቂቃ መመልከት ያስፈልጋል።

ጭራው አጭር፣ ራሱ ላይ የጫጩትነት ለስላሳ ላባ የቀረበት፣ ዓይኑ ንቁ ከሆነ ደግሞ ገና መብረር እየተማረ ነው። ወላጆቹ በአካባቢው አሉ፣ ይመግቡታልም። ውሻ ወይም መኪና ካሰጋው አጠገቡ ካለ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። «ሰው ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው ልክ አይደለም። ይልቅ ቤት ወስዶ ማሳደግ ነው የሚያበላሸው፤ ከጫጩትነቱ በሰው እጅ ያደገ ሰውን እንደ ወገኑ ይቆጥራል።

እርዳታ የሚፈልገው አንድ ክንፉ ከሌላው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ፣ የደማ፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ወይም ዓይኑን የጨፈነው ነው። ምንም ሳይዝ ጣቶቹን ጨብጦ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፀረ ተባይ መርዝ ይጠረጠራል፤ አጠገቡ የወደቀ ሥጋ ወይም የሞተ እንስሳ በባዶ እጅ አይነካ።

ለመያዝ ሲታሰብ መንቁሩን ሳይሆን እግሩን ፍሩ። መንቁር ይቧጭራል፤ ጥፍር ግን ይበሳል፣ ከበሳ በኋላም አይለቅም። በጣቶቹ ውስጥ ያለው ጅማት ጥርስ መሰል ሸንተረር አለው፤ ጣቱ ሲጨበጥ ከሽፋኑ እጥፋት ጋር ተናክሶ ይቆለፋል። ወፉ ብዙ ጉልበት ሳያወጣ አጥብቆ የሚቆየው በዚህ ነው። እጅን መንጭቆ ማውጣት ቁስሉን ያሰፋል፣ ጭብጡንም ያጠብቀዋል። እግሩን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ጅማቱን ያላላዋል፤ ከዚያ ከኋላ ጣት ጀምሮ አንድ በአንድ መክፈት ነው። የኋላ ጣት ከሌሎቹ በፊት የሚከፈተው ዋናው የሚበሳው እሱ ስለሆነ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው፦ ወፍራም የቆዳ ጓንት ማድረግ፣ ከኋላ ቀርቦ ራሱን ጨምሮ ሙሉ ሰውነቱን በፎጣ መሸፈን። ጨለማ ያረጋጋዋል። ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ፣ እግሮቹን ከላይ ከጭኑ በኩል መያዝና ከራስ ማራቅ ነው። ደረቱን ማጥበቅ ግን አይገባም፤ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን እያንቀሳቀሰ ስለሆነ ይታፈናል።

ማስቀመጫው ካርቶን ይሁን፤ የሽቦ ጎጆ አይሆንም። በሽቦው መካከል ክንፉን ሲያራግብ የበረራ ላባው ይሰበራል፣ የተሰበረ ላባ ደግሞ እስከሚቀጥለው የላባ ቅያሪ ድረስ አይተካም። መብረር ያልቻለ ጭልፊት መራቡ አይቀርም። ካርቶኑ ቆሞ የሚዞርበትን ያህል ብቻ ይስፋ። ጎኑ ላይ ጥቂት ቀዳዳ፣ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ፎጣ ይኑረው። ጭድና ገለባ አይነጠፍ፤ ሻጋታ ይይዛል፣ አዳኝ ወፎች ሳንባ ላይ የሚወጣውን የሻጋታ በሽታ ደግሞ አይችሉትም።

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ምግብ ላይ ነው፤ ስህተቱም ከርኅራኄ ይመጣል። ውሃ በአፉ አይፍሰስለት፤ የመተንፈሻ ቀዳዳው ምላሱ ሥር ስለሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። ለቀናት የተራበ ወፍ ሥጋ ቢሰጠው የመፍጨት አቅም አይኖረውም፤ ከምግብ በፊት ፈሳሽ ያስፈልገዋል፣ ያንንም የሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም ነው። ዳቦና ወተት ጨርሶ አይታሰብም።

ርግብ እያሳደደ መስኮት ላይ የተጋጨ ጭልፊት በጨለማ ካርቶን ውስጥ ጸጥ ባለ ቦታ 1 ወይም 2 ሰዓት ሊበቃው ይችላል። በየደቂቃው ክዳን እየከፈቱ ማየት ፍርሃቱን ከማባባስ በቀር አይጠቅምም። ሁለቱ የዓይን ብሌኖቹ መጠናቸው ከተለያየ፣ ራሱ ካዘነበለ ወይም አፉ ውስጥ ደም ካለ፣ ነቅቶ ቢቆምም ወደ ሐኪም ይሂድ። በብዙ አገሮች አዳኝ ወፍ ያለ ፈቃድ ማቆየት ስለሚከለከል፣ ሐኪሙ ዘንድ መድረሱ ለያዘውም ሰው ይበጃል።

ደህና ከሆነ የሚለቀቀው በቀን፣ ዝናብ በሌለበት፣ ሽቦና መንገድ በራቀበት ሜዳ ነው። ጉጉት ከሆነ ግን ማምሻውን ይሻላል። ወደ ሰማይ መወርወር አያስፈልግም፤ ካርቶኑን መሬት ላይ አጋድሞ ከፍቶ ከኋላው መራቅ ነው። ወጥቶ ሁለት ሦስት ሜትር ዘልሎ ከተቀመጠ አልዳነምና እንደገና ፎጣው ይውጣ።