የኤፕሪል ምርጫና የማታ ስብሰባ

በአሜሪካ የከተማ ምክር ቤቶች የጥቁሮችና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቁጥር ለምን አነሰ ሲባል፣ «ወጥተው ስለማይመርጡ ነው» የሚል መልስ ይቸኩላል። እኔ ግን አስቀድሜ ምርጫው የሚካሄድበትን ቀን አያለሁ።

በሚዙሪ ግዛት በምትገኘው ፈርግሰን ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በኦገስት 2014 በፖሊስ ጥይት ሲገደል፣ ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ሳለ ከንቲባው ነጭ ነበሩ፤ ከስድስቱ የምክር ቤት አባላትም ጥቁሩ አንድ ብቻ ነበር። የከተማዋ ምርጫ የሚካሄደው በኖቬምበር ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጋር ሳይሆን ለብቻው በኤፕሪል ነው፤ በ2013 ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 12 ከመቶ ገደማ ነበር። የራሱ ቤት ያለውና በሰፈሩ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ይህን ቀን አይረሳውም፤ የኪራይ ውሉ ባለቀ ቁጥር ሰፈር የሚቀይረው ተከራይ ግን ምርጫ መኖሩንም ላይሰማ ይችላል። የፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2015 ያወጣው የምርመራ ሪፖርት ከተማዋ ፖሊሷንና ፍርድ ቤቷን የገቢ ምንጭ አድርጋ በቅጣት ገንዘብ ትሰበስብ እንደነበርና ጫናውም በጥቁሮች ላይ እንደሚከብድ አሳይቷል። በጀቱን የሚያጸድቁት ሌሎች፣ ቅጣቱን የሚከፍሉት ሌሎች ነበሩ ማለት ነው። በቀጣዩ ወር በተካሄደው ምርጫ የመራጩ ተሳትፎ ወደ 30 ከመቶ ሲያድግ በምክር ቤቱ የጥቁሮች ወንበር ሦስት ደረሰ፤ በ2020ም ኤላ ጆንስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

ሆኖም ቀኑ ቢስተካከል እንኳ ሰዓቱ አለ። በዋሽንግተን አካባቢ በምኖርበት ከተማ ስለ ቤት ኪራይ በተጠራ የማታ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ተራ እየደረሳቸው የተናገሩት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነጭ የቤት ባለቤቶች ሲሆኑ፣ አጠገቤ የሆቴል የደንብ ልብሷን እንደ ለበሰች የተቀመጠች አንዲት እህታችን ለሦስት ደቂቃ የሚበቃ ጽሑፍ አዘጋጅታ ትጠባበቅ ነበር። (ዜግነት ገና ስላላገኘች ድምፅ መስጠት አትችልም፤ በሜሪላንድ ግዛት እንዳለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቻቸውን በከተማ ምርጫ የሚያሳትፉ ከተሞች ጥቂት ናቸው።) ስሟ ሳይጠራ የሌሊት ፈረቃዋ ሰዓት ደረሰ። እንዳነብላት ጽሑፏን ሰጥታኝ ወጣች፤ ተራዋ ደርሶ ብነሳም ደንቡ በሌላ ሰው ስም መናገርን አይፈቅድም ተባልኩና ወረቀቱን እንደያዝኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ።