አምባሰልን በሜትሮኖም ስቀዳ

ብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ውስጣቸው ሲኩዌንሰር፣ ማለትም የተጫወትነውን መዝግቦ የሚደግም ክፍል፣ አላቸው። ብዙ ሰው ግን አይነካውም። እኔ በደንብ የተጠቀምኩበት እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጎረቤቴ የሚያጅባቸው ነገር ሲፈልጉ ነው። ማታ ማታ ብቻቸውን ይለማመዳሉ። እኔ ሁልጊዜ አልገኝም። ስለዚህ አምባሰል ቀድቼ ልሰጣቸው ተስማማን። ወሎ ተቀምጦ ከአምባሰል ሌላ በምን ይጀመራል?

ሲኩዌንሰር ድምፅ አይቀዳም። የሚመዘግበው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ፣ መቼም እንደተለቀቀ ነው። ፔዳልም ይመዘገባል። መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚግባቡበት ሚዲ የሚባለው አሠራር ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው። ከቀዳሁ በኋላ ፍጥነቱን ብቀንሰው ድምፁ አይወፍርም። ቅኝቱን ለዘፋኝ ከፍ ወይም ዝቅ ባደርገው ፍጥነቱ አይነካም።

ታዲያ ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት እየመታ የሚቆጥርልን፣ ለምን አስፈለገ? ያለ ሜትሮኖም ቢቀዳም እኮ የተጫወትነውን መልሶ ያሰማናል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፒያኖው ጊዜን የሚቆጥረው በራሱ ሰዓት ነው። አንዱን ሩብ ኖታ እንደ መሣሪያው ዓይነት በ96፣ በ480 ወይም ከዚያ በላይ ይከፋፍለዋል። የኔ ምትና የእሱ ምት ካልገጠሙ የእሱ ባር፣ ማለትም ምቶች የሚቆጠሩበት ክፍል፣ የኔ ዜማ መሃል ላይ ይወድቃል። ከዚያ ምት ማስተካከል፣ ከአንድ ባር ጀምሮ ደግሞ መቅዳት፣ ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ መስመር) መደረብ ሁሉ ይበላሻል።

ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት ሜትሮኖሙ በምን ይምታ የሚለው ነው። የኛ ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው። ስድስቱ ኖታዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ትልልቅ ምቶች ይከፈላሉ። የኔ ፒያኖ ስድስት ስምንተኛ ሲመረጥ ስድስቱንም ይመታል። እኔ የፈለግኩት በደቂቃ 80 ትልቅ ምት ነበር። ይህ ማለት ፒያኖው በደቂቃ 240 ጊዜ ቋ ቋ ይላል ማለት ነው። ጆሮ ያደክማል። የባሰው ደግሞ ውዝዋዜውን ይገድለዋል። የችክችካ ጣዕም ያለው በሁለቱ ትልልቅ ምቶች መሃል ነው። ጣት ትንሽ የሚዘገየው፣ ትንሽ የሚቸኩለው እዚያ ጋ ነው። እያንዳንዷን ኖታ በሜትሮኖም ከቸነከርናት ሰውነት የሚነቀንቀው ነገር ይጠፋል።

ስለዚህ ሜትሮኖሙን ሁለት አራተኛ፣ ማለትም በባር ሁለት ምት፣ ላይ አድርጌ 80 ሞላሁ። በአንድ ምት ሦስት ኖታ እጫወታለሁ። ሁለቱ ምቶች ምሰሶዎቹን ይይዙልኛል፤ መሃሉ የኔ ነው። ለችክችካ ይህን አቀማመጥ ለማንም ሰው እመክራለሁ። ሜትሮኖሙ የሚሰጠን ቦታ ካለ ብቻ ነው ዜማው የሚተነፍሰው።

ከዚያ ግራ እጅን ብቻዋን ቀዳሁ። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። ግራ እጄ የያዘችው ሲና ጂን ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ግን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። እሱን ስጨርስ ሜትሮኖሙን አጠፋሁት። ቀኝ እጅን በሁለተኛው ትራክ ስቀዳ የሰማሁት የራሴን ግራ እጅ ነው። ልዩነቱን ለማመን መሞከር ያስፈልጋል። ከሜትሮኖም ጋር ሲጫወቱ ጣት ይፈራል። ከቤዝ ጋር ሲጫወቱ ግን ሰው አብሮ ያለ ይመስላል። ቤዙ በሜትሮኖም ስለተቀዳ ምቱ አይዛነፍም።

ምት ማስተካከያው፣ ኳንታይዝ የሚባለው፣ የጠቀመኝ ለግራ እጅ ብቻ ነው። ሦስት በአንድ ምት የሚለውን ምርጫ መውሰድ ግድ ነው። ተራውን አሥራ ስድስተኛ ከመረጣችሁ ችክችካው ይሰበራል። ቀኝ እጅን ግን አትንኩት። አምባሰል ላይ ከዋናው ኖታ በፊት ሸርተት የሚሉ አጫጭር ኖታዎች አሉ። ማስተካከያው እነሱን ጎትቶ ዋናው ኖታ ላይ ይለጥፋቸዋል። ጌጡ ጠፍቶ ሁለት ኖታ በአንዴ የተመታ ይመስላል።

ከባድ ቦታዎችን በ66 ቀድቼ በኋላ ወደ 80 መልሻለሁ። ይህ ይቻላል። ከዚያ በላይ ማፍጠን ግን አልወድም፣ ቀስ ተብሎ የተጫወተ ጌጥ ሲፈጥን ጥድፊያ ይሆናል።

መግቢያውን ጨርሶ አልቀዳሁትም። የአምባሰል መግቢያ በምት አይታሰርም፤ ማሲንቆው እንደልቡ የሚናገርበት ቦታ ነው። ሜትሮኖሙ ከመቅዳት በፊት የሚቆጥረው ቆጠራ ደግሞ አይመዘገብም። ስለዚህ ጎረቤቴ የት እንደሚገቡ እንዲያውቁ መጀመሪያው ላይ ግራ እጅ ብቻዋን አራት ባር ትሄዳለች።

ጎረቤቴ ጋሼ እኔ ቤት መጥተው ሰሙት። እስኪያልቅ ዝም ብለው አዳመጡና ማሲንቆውን አነሱ። አንድ ዙር አብረው ከመቱ በኋላ፣ «አብሽር፣ ግራው ጥሩ ነው። ቀኙን ግን አጥፋልኝ፤ እሱ የኔ ሥራ ነው» አሉኝ። ትራኮቹ ለየብቻ ስለተቀዱ በአንድ ቁልፍ አጠፋሁት። እውነታቸውን ነበር። ቀኝ እጄ ማሲንቆው የሚሄድበትን መንገድ ዘግቶበት ነበር። ትንሽም ይፈጥናል አሉኝ፤ 74 ላይ አወረድኩት። ደግሞ መቅዳት አላስፈለገኝም።

የቀረው ወደ ስልክ ማሻገር ነው። የሚዲ ፋይሉን ብቻ መላክ አይበቃም። ውስጡ ድምፅ ስለሌለ ስልኩ በራሱ ድምፅ ነው የሚያጫውተው፤ ፒያኖው ሌላ መሣሪያ ይሆናል። እኔ ከፒያኖው መውጫ በገመድ ወደ ስልክ እያስገባሁ በድምፅ ቀዳሁት። አንዱን በ74፣ አንዱን በ80 አድርጌ ሰጠኋቸው። ኦሪጅናሉን ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እያንዳንዱን ትራክ እንደጨረስኩ ነው የማስቀምጠው። አሁን ባቲ ቅኝት ላይ ነን። የሱም ግራ እጅ ተቀድቷል።