የአጎቴን የጦር ሜዳ ሕይወት እንዴት ጻፍኩት

አጎቴ የደርግ ዘመን ወታደር ነው። በ1969 ከደምበጫ ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፤ ከዚያ ኤርትራ ዘመተ። ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ በከፈተው በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ግንባር ላይ ለፈጸመው ጀብዱ ሜዳይ ተሸለመ። የምስክር ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አለ። እጥፋቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለቋል። የሚናገረውም ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔ የፈለግኩት የቀረውን ዕድሜውን ነው።

ስለ ሜዳዩ ስጠይቀው «የታዘዝኩትን ሠራሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ «ጋሼ፣ ምሽግ ውስጥ ምን ትበሉ ነበር?» አልኩት። ያኔ ወሬው መጣ። ኮቾሮ (የወታደር ደረቅ ብስኩት) በሻይ እየነከሩ መብላት፣ አንዲት ኮዳ ውሃ ለስንት ሰው እንደምትዳረስ፣ ማንበብ ለማይችሉ ጓደኞቹ ደብዳቤ ማንበብ። ቁስለኛ ተሸክሞ በተኩስ መሃል መውጣቱንም የነገረኝ ስለ ውሃ ሲያወራ ነው።

ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ በዓል መጠየቅ ይሻላል። ኤርትራ ውስጥ ያለችው አፍአበት መቼ እንደተመታች ስጠይቀው «ደብረ ዘይት በዋለ በዚያው ሳምንት» አለኝ። የኔታ ባሕረ ሐሳብ አሰሉልኝ፤ በ1980 ደብረ ዘይት የዋለው መጋቢት 4 ነው። እዚያ በነበረው የደርግ ጦር፣ በናደው ዕዝ ላይ ማጥቃቱ የተከፈተው መጋቢት 8። ልክ ነበር።

ከ1983 ወዲህ ያለውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ገባ። ሜዳዩን ጎተራ ውስጥ የደበቀችው እሷ ናት።

በጣም የከበደኝ የወደቁት ስም ነው። አጎቴ ሁሉንም ከነአገራቸው ያስታውሳል፤ የቡሬው፣ የሞጣው፣ የቢቸናው። አፍአበት ላይ ከሞቱት አንዱ ከኛ ወንዝ ማዶ ነው። እናቱ መርዶ ስላልደረሳቸው እስከዚያ ድረስ «ይመጣል» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ስም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ደብተሩን ዘግተን ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድን። መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ ነው የሚነገረው። ነጋሪው አጎቴ ሆነ፤ ሲሞት ያየው እሱ ነዋ። የት ወደቀ፣ ማን ቀበረው፣ ምን ብሎ ነበር እያሉ ጠየቁት። አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ከዚያ ተዝካሩ ወጣ።

አሁን የቡሬውንና የሞጣውን ቤተሰቦች እያፈላለግን ነው። ጽሑፉ የሚወጣው እነሱ ከሰሙ በኋላ ነው።