ጉሙ እውን ነው፣ ፀሐዩ ሕልም

ዱካክ ይዞት የሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም ለምን እንደሠራሁት ቶሎ ይገባዋል። ዓይንህ ይገለጣል፣ ክፍልህን ታያለህ፣ ልጩህ ብትል ግን ድምፅ የለም። ሕልም በምናይበት ሰዓት ጡንቻዎቻችን አይታዘዙም፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት እዚያው ይቀራል። እኛ ጋ ደግሞ ጫት ያቆመ ሰው ዱካክ ይጫነዋል ይባላል። የፊልሜ ባለታሪክም ጫት ትቶ እንቅልፍ ያጣ የደሴ ሹፌር ነው።

የክረምቱን የደሴ ጉም ያየ ሁሉ «ለሕልሙ ትዕይንት አሪፍ ነው» አለኝ። እኔ ገለበጥኩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ስለዚህ ጉሙን እውን፣ የኮምቦልቻን ጠራራ ፀሐይ ሕልም አደረግሁት። ተመልካች ጉም ሲያይ ሕልም ነው ብሎ ይዘጋጃል። የተዘጋጀ ሰው ደግሞ አይደነግጥም። ሁሉንም በተለመደው የፊልም ፍጥነት፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ቀረጽን፤ ስሎ ሞሽን የለም፣ ሰማያዊ ቀለም የለም።

(ከብርዱ ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ የምትቀርጹ ከሆነ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጡት። ሌንሱ ላብ ያወጣል።)

ታዲያ ሕልሙ በምን ይታወቅ? በቡና። የሹፌሩን እናት ሆነው የተወኑት የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ትወና አያውቁም፣ ጀበና ግን ያውቃሉ። ቡናው ተቆልቷል፣ ተወቅጧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የመጀመሪያውን ሲኒ ሲቀዱ ግን የሚወርደው ቀጭን ነው። «በረካ ነው፣ ጠጥተህ ሂድ» ይሉታል። አቦልም ቶናም አልነበረም። ልምምድ ላይ እምቢ አሉኝ።

«ልጄ፣ በረካ እንዴት ይቀድማል? ደግ አይደለም።»

«ሕልም እኮ ነው፣ እማማ።»

«እንዲህ በለኛ! ሕልም ከሆነ ይሁን።»

እኚህ እናት የነገሩኝን ማንም የፊልም መምህር አልነገረኝም። የሚያስፈራው የሚያውቁት ነገር ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ፊልሙ ሲታይ በዚያች ትዕይንት ላይ አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ጮክ ብሎ «አቦሉስ?» አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስፖንሰር አልነበረንም፤ ያለችውን ገንዘብ ከሌንስ ይልቅ ማይክ ላይ አዋልናት። ደብዛዛ ምስል ተመልካች ይታገሳል፣ የተበላሸ ድምፅ ግን አይታገስም። ሙዚቃውም ከሩቅ አልመጣም፤ የአምባሰል ቅኝት አገሩ እዚሁ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹን በእውኑ ትዕይንት ዜማውን እንዲጨርስ፣ በሕልሙ ደግሞ ማረፊያው ላይ ሊደርስ ሲል እንዲያቆም ጠየቅሁት። ጆሮ ሳያውቀው ይጠብቃል፤ ሳያርፍ ሲቀር ይረበሻል።

ዋናውን ተዋናይ በተመለከተ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ። የትኛው ትዕይንት ሕልም እንደሆነ አልነገርኩትም። ዝርዝሩ እኔና ኮንቲኒዩቲ (የትዕይንቶችን ተያያዥነት መከታተል) የያዘችው ልጅ ጋ ብቻ ነበር። እየመጣ «አሁን ነቅቻለሁ ወይስ ተኝቻለሁ?» ይለኛል። «ሹፌሩ ምን ይመስለዋል?» እለዋለሁ። «ነቅቻለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።» «እንግዲያው ነቅተሃል» ብዬ ካሜራ አስነሳለሁ።