የጃስፐር ጆንስ «ባንዲራ» እና የሱሉልታ ሰፈፍ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃስፐር ጆንስ የአገሩን ባንዲራ የሣለበትን «ባንዲራ» የተባለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 የጀመረው በአንሶላ ላይ፣ በኢናሜል ቀለም ነበር። ቀለሙ ቶሎ አልደርቅ አለው። ቢደርብበት ይበላሻል፤ ስለዚህ ወደ ቀለጠ የንብ ሰም ዞረ። ሰም ብሩሹን እንደለቀቀ ስለሚረጋ እያንዳንዱ ጭረት ባለበት ይቀራል። ሥራው አሁን ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ሦስት ሰሌዳ ተገጣጥሞ 107 በ154 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኮከቦቹ 48 ናቸው፤ አላስካና ሃዋይ ገና አልተቀላቀሉም ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው ከቀለሙ ሥር የጋዜጣ ጽሑፍ ይነበባል። ስልክ ላይ ይህ ስለማይታይ ነው «ምኑ ነው ጥበቡ?» የሚባለው።

ይህን የሰም አሣሣል ራስ ለመሞከር ሱሉልታም ሰንዳፋም ዋናው ነገር አለ፤ ጠጅ ጣዮች ጋ ሰፈፍ፣ ማለትም ከጠጅ የሚተርፈው ያልጠራ የንብ ሰም፣ አይጠፋም። ሰፈፉን በውሃ ቀቅሎ፣ በጨርቅ አጥልሎ ማሳደር ነው። ጠዋት ሰሙ ከላይ ረግቶ ይገኛል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ መፋቅ። ሁለቴ ይደገም፣ አለበለዚያ ነጩ ቀለም ቡናማ ይሆናል። (ቢጠራም ቢጫነቱ አይለቅም፤ የጆንስም ነጭ የወተት ነጭ አይደለም።) ለ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ 300 ግራም የጠራ ሰም ይበቃል። ሰሌዳው ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ሸራ ሲተጣጠፍ ሰሙ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሰሙ ይላጣል።

ማቅለጫው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ድስት ነው። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ደጋ አንዳንዴ ይጠቅማል! ሰሙን በቀጥታ ከሰል ላይ መጣድ ግን መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ እሳት ነው። ከተቀጣጠለ ክዳን ይከደንበት፤ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበት።

ቀለሙ ዱቄት ከሆነ ለ10 ማንኪያ ሰም 1 ማንኪያ። ከበዛ ጋዜጣው ይሸፈናል፣ የጆንስም ነገር አብሮ ይጠፋል። የቱቦ ዘይት ቀለም ከሆነ ካርቶን ላይ አሳድሮ ዘይቱን ማስመጠጥ፤ ዘይት የበዛበት ሰም አይጠነክርም።

ጋዜጣው በእጅ ይቀደድ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል። በወረንጦ ይዞ ሰሙ ውስጥ መንከርና አረፋው እስኪቆም መጠበቅ። አረፋው ከወረቀቱ የሚወጣ አየርና እርጥበት ነው፤ ሳያልቅ የተለጠፈ ወረቀት ኋላ ይነሳል። በክረምት ጋዜጣ እርጥበት ስለሚጠጣ አስቀድሞ ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ ቢደርቅ ይሻላል። ሰሌዳውም መሞቅ አለበት፤ በሱሉልታ ጠዋት ሰሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይረጋል።

ብዙዎች የሚዘሉት ካውያውን ነው። ከእያንዳንዱ ድርብ በኋላ የጋለ ካውያ ከሰሙ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ማሳለፍ፣ ላዩ ማብረቅ ሲጀምር ማንሳት። ካልተደረገ ድርቦቹ በትንሽ ግጭት ይለያያሉ፤ ከቆየ ደግሞ ቀዩ ከነጩ ጋር ይዋሃዳል።

ብርድ ሲመታው ላዩ ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። ሻጋታ አይደለም፤ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ይለቃል።