“እኛ ሠራተኞች ነን?”

የደረቅ ቆሻሻ ማኅበራቱ ሥራ ያቆሙት ክረምት ሲገባ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ገንዳ ሞልቶ አስፋልት ላይ ሲፈስ ቀድሞ የሚያውቀው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው። ሐይቁ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ትቶ ሰፈር ይገባል። አባ ኮዳዎቹ እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲሰለፉ ነው አመራሩ ስብሰባ የሚጠራው።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ጠዋት ኃላፊያችን ጠሩኝና “ያንን አዋጅ አትምልኝ” አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማለታቸው ነው። አንቀጽ 137 ላይ አድማ የማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ተዘርዝረዋል። መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታል፣ ቴሌ እያለ ይሄዳል፤ የከተማ ጽዳትም አለበት። በቢጫ አስምሬ ሰጠኋቸው። ደስ አላቸው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ ስለ ሥራ ማቆም መብት ይናገራል፤ እሱን አትም ያለኝ ግን የለም።

አዳራሹ በማኅበራቱ እናቶች ተሞልቷል። ጥያቄያቸው ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። ማኅበራቱ የሚከፈላቸው ባነሱት መጠን ተሰልቶ ነው፤ ስሌቱ ፊርማ ይፈልጋል፤ ፈራሚው ደግሞ በሹም ሽር ሌላ ቦታ ሄዷል። አዲሱ “እኔ በሌለሁበት የተሠራ ሥራ ላይ አልፈርምም” ብሏል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ኃላፊያችን ወረቀቱን ከፍ አድርገው አነበቡ።

“ሕግ ጥሳችኋል። የጽዳት ሠራተኛ አድማ መምታት አይችልም።”

ከማኅበራቱ የአንዱ ሰብሳቢ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ እኛ ሠራተኞች ነን?”

“ታዲያ ምንድን ናችሁ?”

“እርስዎ ነዎት የነገሩን። አምና አንዷን መርፌ ወግቷት ማሳከሚያ ስንጠይቅ፣ ‘እናንተ ኢንተርፕራይዝ ናችሁ፣ ደሞዝተኛ አይደላችሁም’ አላሉንም? አሁን ሠራተኛ ከሆንን የሕክምናውን ይክፈሉንና ነገ በሌሊት እንገባለን። ኢንተርፕራይዝ ከሆንን ደግሞ አድማ አልመታንም። ዱቤ መስጠት ነው ያቆምነው።”

የሳቀ አልነበረም። የፋይናንሱ ሰው ድንገት ስልኩ ውስጥ ከባድ ሥራ አገኘ። ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላበጡት። ጀርባው ባዶ ነው፤ እኔ ነኝ ያተምኩት፣ አውቀዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ውስጤ እልል ብሏል። ፊቴን ደብተሬ ላይ ደፍቼ እሷ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ።

“ይሄን እንዳትጽፈው” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

“እሺ ጌታዬ።”

ማታ ቃለ ጉባኤውን አዘጋጀሁ። የእሷ ንግግር ሙሉውን ገብቷል። ከሥሩ፣ በታዘዝኩት መሠረት፣ “ውይይቱ በመግባባት ተጠናቋል” የሚል አለ። ኃላፊያችን መጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጠው ፈረሙ። ለካ ሳያነቡም መፈረም ይቻላል! ለክፍያው ሲሆን ግን ያ ሁሉ ማጣራት አስፈለገ።

ትምህርት ከተባለ፣ ከዚያ ወዲህ አንቀጽ አትም ስባል ለማን ሊነበብ እንደሆነ እጠይቃለሁ። መልስ አግኝቼ ግን አላውቅም፤ ዝም ብዬ አትማለሁ።

ለሴቶቹ ግማሹ ተከፈለ። ቀሪው “በሂደት ላይ” ነው። ኃላፊያችን ሌላ መሥሪያ ቤት ተሹመው፣ በቅርቡ ስለ ግጭት አፈታት ሥልጠና ሲሰጡ አገኘኋቸው። አበላችን በዕለቱ ተከፈለን።