እዚህ ሰላም አይባልም

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሲያትል ተመልሼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ቀዝቃዛ አየር እየገባልኝም እምቢ ብሎኛል፣ ውስጤ የከበደኝ ነገር አለ እና ብጽፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ቬጋስ ነበርኩ፣ የአክስቴ ልጅ ጋ። በዚህ ሙቀት? ብላችሁኝ ነበር ሁላችሁም፣ እውነትም የባሰው ሰሞን ነው የገጠመኝ። ጁላይ 7 ቀን 2024 እሁድ ዕለት 120 ፋራናይት ገባ፣ ወደ 49 ሴልሺየስ ማለት ነው፣ ከተማዋ ላይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም፣ የድሮው ሪከርድ 117 ነበር። ከኤርፖርቱ በር ስትወጡ፣ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣው የለ፣ እሱ ነው፣ ይሄኛው ግን እርጥበት የሚባል የለውም፣ ላባችሁ ሳታዩት ይደርቃል፣ ውሃ እንደጠማችሁ የምታውቁት ራሳችሁን ሲያማችሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ቬጋስ ሐበሻ ሹፌር እንዴት እንደሚበዛ ታውቃላችሁ። ሲያቆም መሪው ላይ ፎጣ ጣል ያደርጋል። ቀበቶ ላስር ስል ብረቱ ጣቴን ለበለበኝ፣ "እጅጌሽን ስበሽ ያዢው" አለኝ ሳያየኝ። ሌሊት ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬን ሳየው እሱም ከ100 በላይ ነው የሚለው።

ለካ እንቅልፍ የነሳኝ ሙቀቱ አይደለም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወተት ልንገዛ ሱፐርማርኬት ገባን። ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ቁማር ሕጋዊ የሆነው ከ1931 ጀምሮ ነው፣ የቁማር ማሽኑም ካሲኖ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፣ ኤርፖርት ገና ሻንጣችሁን ሳትወስዱ ታዩታላችሁ፣ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ሱፐርማርኬቱም ውስጥ ተደርድሯል። እዚያ አንዱ ማሽን ፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያየኋቸው ናቸው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ የገዙት ወተትና እንቁላል በፌስታል እግራቸው ሥር፣ በግራ እጃቸው ቦርሳቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘው በቀኛቸው አንዷን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ደግመው ይጫናሉ። ፊታቸው ላይ ደስታም ንዴትም የለም። ሰላም ልላቸው ስራመድ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። "ተያቸው፣ እዚህ ሰላም አይባልም" አለኝ ቀስ ብሎ።

መኪና ውስጥ ነገረኝ። ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ካየህ እንዳላየህ ታልፋለህ፣ እሱም አንተን እንደዛው፣ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ እንደምን ሰነበትክ ትባባላለህ። እቁብ የወጣለት ዕለት እዚያው ያደረ ሰው አለ፣ የቤት ቅድመ ክፍያ ያለቀበትም አለ፣ "ሥራ በዝቶበት ነው የጠፋው" ይባልለታል በቃ። ስለ እሳቸው ስጠይቀው ልጆቻቸው በሺፍት ነው የሚሠሩት አለኝ፣ ቀኑን ብቻቸውን ናቸው፣ እንግሊዝኛም ብዙ የላቸውም። እስቲ አስቡት፣ ውጭ 49 ዲግሪ ነው፣ ፓርክ ወጥቶ መቀመጥ የለ፣ ጎረቤት በር ላይ ቡና የለ፣ ቤት ውስጥ ኤሲ ሲለቁ የመብራቱ ቢል ያሳስባቸዋል። ቀዝቃዛ፣ ሁሌ ክፍት የሆነ፣ ወንበር ያለው፣ ማንም ተነሺ የማይላቸው ቦታ ያ ማሽን ፊት ነው። መጀመሪያ የሄዱት ለቁማሩ አይመስለኝም፣ ሳስበው ሆዴን የሚበላኝም እሱ ነው።

ዝም የሚሉትን ሰዎች መቆጣት አልቻልኩም። ገበና መሸፈን ነው፣ ማዘናቸውም አለበት። ግን እኛ እኮ ለቅሶ ሲባል ሥራ ጥለን የምንሮጥ፣ ሰው ታመመ ሲባል አጥሚት ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነን፣ ለዚህኛው ጊዜ ምን ተይዞ እንደሚኬድ እንዴት አናውቅም? አዲስ አበባም የሄድኩ ጊዜ ውርርድ ቤት በር ላይ ወረቀት ጨብጠው የቆሙትን ልጆች እንደዚሁ ነበር ሁሉም የሚያልፋቸው።

ጤና ይስጥልኝ እማማ ብያቸው ቢሆን ኖሮስ? አብረውን ይነሱ ነበር፣ ወይስ በማግስቱ ሐበሻ የማያያቸው ሌላ ሱፐርማርኬት ፍለጋ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ይወጡ ነበር?